የቧጨረ በር፣ የተላጠ መሪ፣ የወረደ ጣሪያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ መኪና ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከከተማው ዳር ነው፤ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱ። ጠያቂዎቹ ሁሉ ያላቸው ሞተሩ ደህና የሆነ፣ ውስጡ ግን ያረጀ መኪና ነው። በእኛ አካባቢ የመኪና ውስጥ ቶሎ የሚያረጅበት ምክንያት ግልጽ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ፕላስቲኩንም ሌዘሩንም የሚያደርቀው እሱ ነው። በዚያ ላይ በበጋ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ አቧራ አለ። አቧራ የደቀቀ ድንጋይ ስለሆነ በደረቅ ጨርቅ በተወለወለ ቁጥር ይፍቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ ብዙ ሰው በእጁ ያለውን መኪና አድሶ መያዝን መርጧል፤ ጥሩ ምርጫ ነው።

ደብዳቤዎቹን ስናነብ ያሳሰበን ነገር ቢኖር፣ ከእርጅናው ይልቅ ጉዳቱን ያባሰው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ የተቀባበት ነገር መሆኑ ነው። ስለዚህ መልሶቻችን ሁሉ የሚጀምሩት ዕቃውን ከመለየት ነው።

ጥያቄ፦ *ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ዕቃ ስለምጭንበት የበሮቹ የታችኛው ፕላስቲክ ነጫጭ ጭረት ብቻ ሆኗል። መንገድ ላይ የሚሸጠውን የዳሽቦርድ ማብረቂያ ስቀባው ይጠፋል፤ በሁለት ቀኑ ተመልሶ ይመጣል። ቀለም ባስቀባውስ? (ከለገጣፎ)*

መልስ፦ ማብረቂያውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። አብዛኛው የሲሊኮን ዘይት ነው። ጭረቱን በቅባት ሞልቶ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። አቧራም ይስባል። ኋላ ቀለም ሲነፋበት ደግሞ ቀለሙ አይይዝም፤ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ቀለም ቀቢዎች «ይህ ፕላስቲክ ቀለም አይቀበልም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ሳይሆን የዚህ ቅባት ነው።

መጀመሪያ ይጠቡት። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይጨምሩና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ በሸካራው ገጽ ውስጥ የተቀበረ እድፍ በጨርቅ አይወጣም። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ያጥሩት። ሲደርቅ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። የእጅ ማጽጃ ጄል ግን አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ግሊሰሪን ቅባት ትቶ ይሄዳል። ቤንዚን፣ ቲነርና በረኪና ጭራሽ አያስጠጉት።

ከዚያ ጥፍርዎን ጭረቱን አቋርጠው ይሳቡት። ጥፍር ካልያዘው ፕላስቲኩ አልጎደለም፤ ገጹ ተልጦ ስለተነሣና ስለተለጠጠ ብርሃን እየበተነ ነው ነጭ የሚመስለው። ይህን የሚመልሰው ሙቀት ነው። ሂት ገን (የጋለ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ላይ አድርገው፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ በጭረቱ ላይ ይመላለሱ። ጥቂት ሰከንድ ካሞቁ በኋላ ያቁሙ፤ ይቀዝቅዝ፤ ካልበቃው ይድገሙት። ነጩ እየጠቆረ ሲሄድ በዓይንዎ ያዩታል። ገጹ ማብለጭለጭ ከጀመረ ግን ሸካራው ንድፍ መቅለጥ ጀምሯል፤ የቀለጠ ንድፍ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር በሚሸፍነው በኩል ይሞክሩት። የፀጉር ማድረቂያም ለቀላሉ ጭረት ይረዳል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

ጥፍር የሚይዘው ጭረት ሌላ ሥራ ነው፤ ፓኔሉ፣ ማለትም የበሩ የውስጥ ልባስ፣ መውረድ አለበት። በእጅ መያዣው ጽዋና በክንድ ማሳረፊያው ሥር ያሉትን ቪቴዎች በካቻቪቴ ይፍቱ። ጠርዙን በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ መላቀቂያ ከታች ጀምረው ያንሡ። ያረጀ የፕላስቲክ ክሊፕ መሰበሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ለአንድ በር ከአምስት እስከ አሥር መለዋወጫ ክሊፕ ቀድመው ይግዙ። ክሊፑ ተሰብሮ ተመልሶ የተገጠመ በር በኮረኮንች ላይ ሲንኳኳ ይኖራል።

ፓኔሉን ሲገለብጡት ከጀርባው የፕላስቲኩ ስም በላቲን ፊደል ተቀርጾ ያገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፒፒ (PP) ወይም ኤቢኤስ (ABS) ነው። ልዩነቱ ሥራውን በሙሉ ይወስናል። ኤቢኤስን አሴቶን ያሟሟዋል። ከማይታይ ቦታ የተፋቀ የራሱን ፍቅፋቂ በጠርሙስ አሴቶን ውስጥ አሳድረው፣ ሲወፍር ጭረቱን ሞልተው፣ 24 ሰዓት አድርቀው በ320 ቀጥሎም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል። ፒፒ ግን አሴቶንም፣ ሱፐር ግሉም፣ ተራ ቀለምም አይዘውም። ቀለም የሚይዘው ለፕላስቲክ የተሠራ አስያዥ ፕራይመር ሲቀደምለት ብቻ ነው። ይህ ተዘሎ የተቀባ የበር ፕላስቲክ በሳምንታት ውስጥ ጫማ በነካው ቦታ ሁሉ እንደ ወረቀት ይላጣል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ገጹን በ600 ቁጥር ቀለል አድርገው ይፈግፍጉ፤ በአልኮል ይጥረጉ፤ አስያዡን አንድ ወይም ሁለት ስስ ዙር ይንፉ። በጣሳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ቀለሙን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሦስት ወይም አራት ስስ ዙር ይንፉ፤ በየዙሩ መካከል 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ለአራት በር የታችኛው ፕላስቲክ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሁለት ጣሳ ይበቃል። የማያብረቀርቅ ቀለም ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ያሻሻሉትን ጉድፍ መልሶ ያሳያል። ቀለም በናሙና ሲያስደባልቁ የአመድ መጣያውን ክዳን ወይም ሌላ ትንሽ ክፍል ይዘው ይሂዱ፤ ማመሳከሩንም ከሱቁ ውጭ በጥላ ብርሃን ያድርጉት።

ሰዓቱም ሥራውን ይወስናል። ከ15 ዲግሪ በታች ቀለሙ በደንብ አይደርቅም፤ በክረምት እርጥበት ደግሞ የላይኛው ሽፋን ነጭ ጭጋግ ይይዛል። በእናንተ በኩል ከጥቅምት እስከ ጥር ማለዳውና ምሽቱ ስለሚቀዘቅዝ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ በማያገኘው ጥላ ውስጥ ይሥሩ። መሬቱን ቀድመው ውኃ ይርጩበት፤ አቧራው እንዳይነሣ።

ጥያቄ፦ *የምሠራበት ቪትዝ መሪው ተላጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። የጫማ ቀለም ቀባሁት፤ የደንበኛ ልብስ እስከማበላሸት ደረሰ። (ከኮዬ ፈጬ)*

መልስ፦ የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ስለሆነ በእጅ ላብና ሙቀት ይሟሟል። ጨርቁን አልኮል ነክረው፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ እያቀያየሩ ያጽዱት።

ከዚያ የመሪውን ውስጠኛ ክብ ይመልከቱ። የስፌት መስመር ካለው ቆዳ ነው፤ ከሌለው ዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ርካሾቹ የቪትዝ ዓይነቶች የሚመጡት በዩሬቴን መሪ ነው። የሚጣበቅ ዩሬቴን ውስጡ መፍረስ ስለጀመረ ቀለም ቢቀቡትም በሚፈርስ ነገር ላይ መቀባት ነው። ገንዘብዎን አያባክኑ፤ በልኩ ተቆርጦ በእጅ የሚሰፋ የቆዳ ልብስ ያስለብሱት። የቆዳው ውፍረት ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መሪው ወፍሮ እጅ ያደክማል። ከገበያ የሚገዛውን ወጣ ገባ የሚል ልቅ ሽፋን ግን አንመክርም። መሪ ሲጠመዘዝ ሽፋኑ በእጅ ውስጥ ከዞረ አደጋ ነው።

መሪዎ የቆዳ ከሆነ በእጅዎ ማደስ ይችላሉ። በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የተላጠውን ጠርዝ እስኪለሰልስ፣ ቀጥሎ በ1000 ቁጥር ቀለል አድርገው ይፈግፍጉ። የቆዳ ሙሊት በስስ ንብርብር ይቀቡ፤ እያንዳንዱ ንብርብር ሳይደርቅ ሌላ አይጨምሩ። ከሦስት እስከ አምስት ንብርብር ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ወፍራም የተደረገ ሙሊት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና መሪው በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል። ካለሰለሱ በኋላ የቆዳ ማቅለሚያውን በስፖንጅ ቁራጭ ስስ አድርገው አራት ጊዜ ያህል ይምቱት፤ በመጨረሻ የማያብረቀርቅ መከላከያ ይቀቡት። 24 ሰዓት መኪናው መቆም አለበት። እርስዎ በየቀኑ ስለሚሠሩበት የዕረፍት ቀንዎ ዋዜማ ማታ ቢጨርሱት ይመረጣል። ለመሪው መሐል፣ ማለትም ኤርባጉ ላለበት ክዳን፣ ሙሊትም ቀለምም አይጠጋም።

ጥያቄ፦ *ዳሽቦርዱ ከመስታወቱ ሥር በሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። አንዱ የአንድ ጣት ርዝመት ነው፣ ሌላው ከክንድ ያጥራል። ባለሙያው «በስቱኮ ደፍኜ ቀለም እቀባዋለሁ» አለኝ። ይያዝልኛል? (ከሰበታ)*

መልስ፦ አይያዝም። ተራው የቦዲ ስቱኮ ለብረት የተሠራ ደረቅ ነገር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ የውጭው አየር 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ማታ ደግሞ በእናንተ በኩል ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ዳሽቦርዱ በየቀኑ ሲለጠጥና ሲኮማተር ስቱኮው አብሮት አይሄድም፤ በዳርና በዳሩ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። ቁልፉን ያጥፉ፤ የባትሪውን ነጋቲቭ ገመድ ይፍቱ፤ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። የኤርባጉ ሥርዓት ኃይል አከማችቶ ስለሚቆይ ነው። በተሳፋሪው በኩል ያለው የኤርባግ ክዳን ወይም ጠርዙ ከተሰነጠቀ ግን አይሞላም፣ አይጣበቅም፣ በቆዳም አይለበጥም። ክዳኑ መከፈት ያለበት በተሠራለት መስመር ላይ ነው፤ የተሞላ ክዳን ዘግይቶ ይከፈታል ወይም የደረቀውን ሙሊት ሰው ፊት ላይ ይወረውራል። እዚያ ያለ ስንጥቅ መፍትሔው ክፍሉን መቀየር ብቻ ነው።

የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅዎ ከዚያ የራቀ ከሆነ ይሠራል። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር መብሻ ትንሽ ቀዳዳ ያድርጉ፤ ስንጥቁ ከዚያ አያልፍም። በስለታም ቢላ ወደ ላይ የተቀለበሰውን ጠርዝ ይቁረጡና ስንጥቁን ላዩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ ታቹ ጠቦ እንዲወርድ ያድርጉት። የደረቀውንና የሚፈረፈረውን ስፖንጅ ያውጡ። በአልኮል ያጽዱ። ሙሊቱ ለፕላስቲክ ባምፐር የሚሸጠው ባለ ሁለት ክፍል ተጣጣፊው ይሁን፤ ሲገዙ የደረቀ ናሙና ካለ አጥፈው ይዩት። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይሙሉ። ሲደርቅ በ180 ከዚያም በ320 ያስተካክሉ። ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ በላዩ ቀለም አይዝም፣ ከቦታውም ጨርሶ አይለቅም።

ከባዱ ክፍል የቆዳ መሰሉን ንድፍ መመለስ ነው። ከመጨረሻው ስስ የሙሊት ንብርብር ላይ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ ከዚያው ዳሽቦርድ ደህና ቦታ በሲሊኮን የተወሰደ ማተሚያ ይጫኑበት። ማተሚያው እንዳይጣበቅ በውኃ ያርጥቡት። እንዲህም ተደርጎ ከቅርብ ለሚያይ ሰው ቦታው ይታወቃል። ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ «ጭራሽ አይታይም» የሚል ቃል የሚገባ ሠራተኛ አይመኑ።

ረጅሙን ስንጥቅ በተመለከተ ምክራችን አይሞላ የሚል ነው። ያን ያህል ርዝመት የከፈተ ዳሽቦርድ ውስጡ በሙሉ ደርቋል፤ አንዱን ሲዘጉት በአጠገቡ ይከፍታል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በልኩ የተሰፋ የዳሽቦርድ ምንጣፍ ነው፤ የኤርባጉ ክዳን ላይ ተቆርጦ ክፍት መተው አለበት። ሁለተኛው መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዳሽቦርድ መፈለግ ነው። ሲገዙ ከመስታወቱ ሥር የሚውለውን ጠርዝ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፣ ይተዉት። ማስገጠሙ ሙሉ ቀን የሚፈጅ፣ ሽቦ ብዙ የሚፈታበት ሥራ ስለሆነ ዋጋ ሲነጋገሩ አብረው ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ *የመኪናው ውስጠኛ ጣሪያ ጨርቅ ወርዶ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ራስ ይነካል። በማስቲሽ አጣበቅነው፤ ወር ሳይሞላው ወረደ። (ከሱሉልታ)*

መልስ፦ ጨርቁ የተጣበቀው በቀጥታ ከጣሪያው ሰሌዳ ጋር አይደለም፤ በመካከል ስስ ስፖንጅ አለ። የተበላሸውም ሙጫው ሳይሆን ስፖንጁ ነው፤ በሙቀትና በዕድሜ ዱቄት ሆኗል። እናንተ ማስቲሹን የቀባችሁት በዱቄት ላይ ነው። ጨርቁን በመርፌና በቁልፍ ማያያዝም ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም።

ሰሌዳው መውረድ አለበት። የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ የእጅ መያዣዎቹ፣ መብራቱና የምሰሶዎቹ ፕላስቲክ ይፈታሉ። የፊት ወንበሮች ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ የኋላ በር ባለው መኪና ሰሌዳው በዚያ ይወጣል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሰሌዳው ከታጠፈ እጥፋቱ በአዲሱ ጨርቅ ላይ ይታያል። በምሰሶዎቹ ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ከላይ የተናገርነው የባትሪ ጥንቃቄ እዚህም ይሠራል።

አሮጌው ጨርቅ ከተገፈፈ በኋላ የቀረውን የስፖንጅ ዱቄት በብሩሽ እስከ መጨረሻው ያራግፉ። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ከቤት ውጭ ቢሠሩት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እጅ ሲያሹበት ዱቄት የሚሰጥ ሰሌዳ ገና አልጸዳም። አዲሱ ጨርቅ ከጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ የተለጠፈበት ይሁን። ስፖንጅ የሌለው ተራ ጨርቅ የሰሌዳውን ጉብታ ሁሉ ያሳያል፤ ሙጫውም ወደ ፊት ይሠርጋል። ለአነስተኛ መኪና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ሙጫው ሙቀት የሚችል መሆኑ በጣሳው ላይ ይጻፍበታል፤ ተራ ማስቲሽ የጋለ ጣሪያ ሥር ይለሰልሳል። ሰሌዳውንም የጨርቁንም ጀርባ ይቀቡ፤ ጣት ሲነካው ተጣብቆ ክር እስከማይስብ ድረስ ይጠብቁ። ጨርቁን በግማሽ አጥፈው ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እየተጫኑ ይለጥፉ፤ ከዚያ ሌላውን ግማሽ። ጉድጓድ ባለበት ቦታ ጨርቁን አይወጥሩት፤ የተወጠረ ጨርቅ በሁለተኛው ቀን ከጉድጓዱ ይነሣል። ከጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትተው ወደ ጀርባ ያጥፉ።

ጥያቄ፦ *ሚኒባስ ታክሲ አለን። የሌዘር ወንበሮቹ መሐላቸው ላይ ተቀደዱ። ሁሉንም ማስለበስ አቅማችን አይፈቅድም። (ከቱሉ ዲምቱ)*

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ለዩ። በስፌት መስመር ላይ የተከፈተ በሙጫ አይድንም፤ ስፌቱ ራሱ ሸክም ስለሚሸከም የወንበር ሰፊ በናይለን ክር ይመልሰው። ርካሽ ሥራ ነው፤ ሳይዘገይ ይሠራ፣ ቀዳዳው በየቀኑ ይሄዳልና።

በሜዳው ላይ ያለ ቅድ ግን ከሥሩ በሚገባ ጨርቅ ይያዛል። ከአሮጌ ጂንስ ከቅዱ በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁራጭ ይቁረጡ፤ ማዕዘኑን ያጠጋጉት። በቅዱ ውስጥ አስገብተው በሥሩ ዘርጉት። ተጣጣፊ የሌዘር ሙጫ በሌዘሩ ጀርባና በጂንሱ መካከል ይግባ፤ ጠርዝና ጠርዙን አገናኝተው በላዩ ፕላስቲክና ከባድ ነገር አድርገው ያሳድሩት። ሱፐር ግሉ ደርቆ ስለሚሰባበር ጠርዙ ተሳፋሪን ይወጋል፤ ሌዘሩንም ወደ ውጭ ያሰፋዋል። በቅዱ ሥር ያለው ስፖንጅ ካለቀ ግን መጀመሪያ እሱ ይተካ። ባዶ ላይ የተጣበቀ ሌዘር ሰው ሲቀመጥበት ተወጥሮ ወዲያው ይከፈታል። ከአቅማችሁ አንጻር፣ በየቀኑ ብዙ ሰው የሚቀመጥባቸውን በበሩ አጠገብ ያሉ ወንበሮች ብቻ አስለብሳችሁ የቀሩትን መጠገን ያዋጣል።

ጥያቄ፦ *የፍጥነት መቁጠሪያው መሸፈኛ በጭረት ደብዝዞ ፀሐይ ሲመታው አይነበብም። በአልኮል ባጸዳው? (ከለገጣፎ)*

መልስ፦ በአልኮል በፍጹም አይንኩት። ለበሩ ፕላስቲክ ያዘዝነው አልኮል በዚህ ላይ ጉዳት ያመጣል። ይህ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ አልኮል ሲነካው ጥቃቅን የማይጠፋ ስንጥቅ ያወጣል። በሳሙና ውኃ አጥበው ያድርቁት። ጭረቱ ቀላል ከሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጥጥ ጨርቅ አድርገው ለሁለት ደቂቃ ክብ ክብ እያሉ ይሹት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ መሸፈኛውን አውልቀው በውኃ እያረጠቡ በ1500፣ በ2000፣ በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል ይሂዱ። ቁጥር በለወጡ ቁጥር የፊተኛውን አቅጣጫ አቋርጠው ይሹ፤ የቀድሞው መስመር ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አይለፉ። በመጨረሻ በመኪና ቀለም ፖሊሽ ያጥሩት። መሸፈኛው በወለቀበት ጊዜ የቆጣሪውን ቀስቶች በእጅም በጨርቅም አይንኩ፤ አቧራ ካለ በአየር ብቻ ይነፋ።